ስለ ሁለቱ ኖራ፤ የቤትና የመንገድ መሠረት የሚሆነውን ሸክላ አፈር ስለ ማጠንከር

በወላይታ አገር የሚገኘው አፈር አብዛኛው ሸክላነት ያለው ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌና በደጋው ያለው ቀይ ሲሆን፥ ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ሥፍራ ግን ጥቁር ዋልካ ይገኛል። ቀዩ ዝናም ሲጠግብ ይለሰልሳል እንጂ እንደ ዋልካው አያብጥም። ዋልካው በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውንም ቤት አብሮ ያነሣዋል፥ አብሮም ያወርደዋል። ሶዶ በ2015 ዓመተ ምሕረት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለችና፥ የዞንና የወረዳ ሹማምንት መሠረት ሳይጣል ይህን ነገር ሊያስቡበት ይገባል።

እንዲህ ያለውን አፈር የሚያጠነክረው ኖራ ነው። ኖራው ከአፈሩ ሲዋሐድ እንደ ቅጠል የሳሳውን የሸክላ ቅንጣት ይሰበስበዋል፥ ውሃ የመያዝ ኃይሉንም ይቀንሳል፤ ከዚያም በሳምንታትና በወራት ውስጥ እንደ ሲሚንቶ እያያዘ ያደርቀዋል።

ነገር ግን ኖራ ሁሉ አንድ አይደለም። የአፈርን ኮምጣጣነት እንዲያበርድ ለገበሬው የሚታደለው ኖራ ሳይቃጠል የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ለእርሻ መልካም ነው፥ መሠረትን ግን አያጠነክርም። ለመሠረት የሚያስፈልገው በእሳት ተቃጥሎ በውሃ የበረደው ነው። እኔ ራሴ በአንድ ሥፍራ ከገበሬው የተረፈው ኖራ ከመጋዘን ወለል በታች ተነስንሶ፥ ከአንድ ክረምት በኋላ ወለሉ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ገንዘቡም ጠፋ፥ ለማሳውም የሚገባው ኖራ ጠፋ። ሁለቱን ለመለየት ጥቂት ኖራ በሸክላ ስባሪ አድርጎ ሎሚ መጭመቅ ነው። አረፋ አውጥቶ ቢፈላ ወይ ያልተቃጠለ ነው፥ ወይ ተቃጥሎ ሳለ ጆንያው ክፍት ተቀምጦ ከነፋስ የተነሣ ተመልሶ ድንጋይ የሆነ ነው።

ኖራ ማቃጠል ማገዶ ይፈጃል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይም 44 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ኖራውን በእሳተ ገሞራ አመድ መደገፍ ይሻላል፤ አመዱን ምድር ራስዋ አቃጥላዋለችና። የሮም ሰዎች በኔፕልስ አጠገብ ከምትገኘው ከፖትሱዎሊ የሚያወጡትን አመድ ከኖራ ጋር ደባልቀው ይገነቡ ነበር፤ ከ1900 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራው ፓንቴዎን ዛሬም ቆሟል። ወላይታም በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በቢላቴ ወንዝ በኩል ባለው ቆላ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይና አመድ ይገኛል። አመዱ በደቀቀ መጠን ሥራው ይበረታል።

የላዩ አፈር አስቀድሞ ይገፈፍ። በቤት ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮ ለዘመናት ፍግ የጠጣ ስለ ሆነ ኖራውን ያሰናክላል፤ የተገፈፈውም አይጣል፥ ወደ ማሳ ይመለስ። የኖራው ልክ በደረቅ አፈር ክብደት ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ነው፤ የአመዱንና የኖራውን ቁርጥ መጠን ግን የአፈር መመርመሪያ ቤት ናሙናውን አይቶ ይወስናል። ለዋልካ የሚበቃው ለቀዩ ልክ ላይሆን ይችላልና፥ ከየጉድጓዱ ለየብቻ ይላክ። ድብልቁ በእርጥበቱ ተጠቅጥቆ ቢያንስ 7 ቀን እንዳይደርቅ ይሸፈን። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ሠራተኞች በባዶ እጅ አይንኩት። የዝናሙ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ካልተቆፈረ ግን ይህ ሁሉ ድካም ብዙ አይቆይም።