«ሰደብነው፣ ነቃ!» እውነት የነቃው በስድቡ ነው?

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ፣ ከቢሾፍቱ ቀደም ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙ መንገደኛ የሚያውቃት በቁርጥ ሥጋዋና በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎቿ ነው። የኳስ ክርክሯም ግን ቀላል አይደለም። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሌላ ቦታ ከሆናችሁም የሰፈራችሁ ክርክር ከዚህ ብዙ አይለይም። አንዱ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፣ ሌላው የቡና፣ ሌላው ደግሞ በዚያው መንገድ ወረድ ብሎ ያለው የአዳማ ከተማ።

እንበልና አንድ ወጣት የአዳማ አጥቂ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ጎል ሳያገባ ቀረ። «አለቀለት!» ይላል አንዱ። «ልቡ ኳሱ ላይ የለም» ይላል ሌላው። በየስልኩ የስድብ መዓት ይወርድበታል። በስድስተኛው ጨዋታ ልጁ ያገባል። ያኔ ተሳዳቢው ደረቱን ነፍቶ፣ «አያችሁ! ሰደብነው፣ ነቃ!» ይላል።

እውነት የነቃው በስድቡ ነው? ይህ ጥያቄ እኮ በሳይንስ ሊመረመር ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ የሉዶ ዳይስ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው።

ዳይሱ አጥቂ ሲሆን

ዳይሱን አጥቂ አድርጉት። 1 ወይም 2 ከወጣ አንድ ጎል አገባ እንበል፤ 3፣ 4፣ 5 ወይም 6 ከወጣ አላገባም። ስለዚህ አጥቂያችን በአማካይ ከሦስት ጨዋታ በአንዱ ያገባል ማለት ነው። የሚናቅ አጥቂ አይደለም። አሁን 30 ጊዜ ወርውሩ። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ አንድ ክለብ በዓመት 30 ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ ይህ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ነው። ያገባበትን ጨዋታ በነጥብ፣ ያላገባበትን በሰረዝ መዝግቡ።

ሰረዞቹ በተርታ ተደርድረው የምታገኙበት ቦታ መኖሩ አይቀርም። እስቲ እናስላው። በአንድ ጨዋታ ያለማግባት ዕድሉ 2/3 ነው። በአምስት ተከታታይ ጨዋታ ያለማግባት ዕድሉን ለማግኘት 2/3ን አምስት ጊዜ ጽፈን እናባዛለን፤ 32/243 ይመጣል፣ 13 በመቶ ገደማ። ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? ነገር ግን በ30 ጨዋታ ውስጥ ድርቁ ሊጀምር የሚችልበት ቦታ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ሲታሰብ፣ አጥቂያችን በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንዴ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ጨዋታ በተከታታይ ሳያገባ የመቅረት ዕድሉ 81 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ልብ በሉ! ዳይሱ አልደከመም። አላመሸም። ልቡም ሌላ ቦታ አልሄደም። ብቃቱ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ያው ነው። እንዲያም ሆኖ በደጋፊ ዓይን ብናየው «ወቅታዊ ብቃቱ ወርዷል» እንለው ነበር።

ወደ አማካይ መመለስ

አሁን ቀልድ የሚመስል ሙከራ ጨምሩበት። ዳይሱ አምስት ሰረዝ በተከታታይ ባስመዘገበ ቁጥር ቆም በሉና ስደቡት። ጮክ ብላችሁ! ከዚያ ቀጣዮቹን አምስት ውርወራዎች እዩ። በአማካይ አንድ ወይም ሁለት ጎል ታገኛላችሁ። ከዜሮ ወደ ሁለት! ዳይሱ «ነቃ» ማለት ነው። ግን ዳይስ ጆሮ የለውም። ባትሰድቡትም ኖሮ ውጤቱ ያው ነበር።

ይህን ነገር የስታቲስቲክስ ሰዎች «ወደ አማካይ መመለስ» ይሉታል። (አማካይ ስል የመሐል ተጫዋቹን ማለቴ አይደለም!) ሐሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ቀን ውጤት የብቃትና የዕድል ድምር ነው። በጣም መጥፎ ወይም በጣም ጥሩ ውጤት ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ዕድልም በዚያው አቅጣጫ ገፍቶበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ብቃቱ አብሮ ይመጣል፤ ዕድሉ ግን አብሮ እንዲመጣ የሚያስገድደው ነገር የለም። ስለዚህ ውጤቱ ወደ ተለመደው ቦታ ይጠጋል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ይህን በ1886 እ.ኤ.አ. የወላጆችንና የልጆችን ቁመት በማነጻጸር አሳይቷል። በጣም ረጃጅም ወላጆች ልጆቻቸው ረጅም ቢሆኑም፣ በአማካይ የወላጆቻቸውን ያህል ከሌላው ሰው ጎልተው አይረዝሙም።

በኳስም ይታያል። የእንግሊዙ ሌስተር ሲቲ በ2014/15 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ዓለምን አስደምሞ ዋንጫ በላ፤ ከዚያ በ2016/17 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። የሻምፒዮናው ዓመት የውሸት አልነበረም። ጥሩ ቡድን ነበር፤ ብዙ ነገርም በአንድ ላይ ተሳክቶለት ነበር። ሁሉም ነገር በየዓመቱ አብሮ አይሳካም።

አእምሯችን ለምን ይታለላል?

በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ካህነማን፣ ለእስራኤል የበረራ አሠልጣኞች ትምህርት ሲሰጥ ያጋጠመውን ይተርካል። አንድ አሠልጣኝ ተነሥቶ ተከራከረው። ግሩም በረራ ያደረገን ሠልጣኝ ሲያመሰግኑት በቀጣዩ ሙከራ እንደሚያንስ፣ መጥፎ የበረረውን ሲጮኹበት ግን እንደሚሻሻል ነገረው። ታዲያ ጩኸት ይሻላል ማለት አይደለም?

ካህነማን አሠልጣኞቹን አስቆማቸውና እያንዳንዳቸው ከኋላቸው ወዳለ ዒላማ፣ ሳያዩ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲም እንዲወረውሩ አደረገ። መጀመሪያ በጣም የቀረቡት በሁለተኛው አብዛኞቹ ራቁ፤ መጀመሪያ በጣም የራቁት ደግሞ አብዛኞቹ ቀረቡ። የጮኸባቸውም፣ ያመሰገናቸውም ሰው አልነበረም።

ደጋፊው የወደቀው በዚሁ ወጥመድ ነው። የምንሳደበው ተጫዋቹ እታች ሲሆን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መሻሻል ነው። የምናሞግሰው እላይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መውረድ ነው። ስለዚህ ስድብ የሚሠራ፣ ምስጋና የሚያበላሽ ይመስለናል።

አሠልጣኝ ማባረርም ከዚህ አያመልጥም። ክለቦች አሠልጣኝ የሚያባርሩት ውጤት ሲጠፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ሲመጣ ነጥብ ይገኛል፤ «ለውጥ መጣ!» ይባላል። የኔዘርላንዱ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ባስ ተር ዊል በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የአገሩን ሊግ ክለቦች በሁለት ከፍሎ አየ። አንዱ ወገን ውጤት ሲጠፋ አሠልጣኙን ያባረረ ነው፤ ሌላኛው ተመሳሳይ የውጤት መጥፋት ደርሶበት ያላባረረ። ያላባረሩትም እንደ ባረሩት አገገሙ።

ሁሉም ዕድል ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም! በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ13 ክለቦች ስለተካሄደ፣ እያንዳንዱ ክለብ የተጫወተው 24 ጨዋታ ነበር። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። የእኛ ዳይስ በእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያገባ እንኳ 24 ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ዕድል ብቻውን አይሠራውም።

የብቃት መውረድም በእውነት አለ። ጉዳት አለ፣ ድካም አለ፣ ከቦታ ውጪ መጫወት አለ። ጥያቄው እውነተኛውን መውረድ ከዕድል እንዴት እንለየው ነው። ከጎል ቁጥር በፊት እነዚህን እዩ፦

• ሙከራዎቹን ቁጠሩ። በትልልቅ ሊጎች ጎል የሚሆነው ከአሥር ሙከራ አንዱ ገደማ ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ይገባል። አጥቂው እንደ ድሮው ጥሩ ቦታ ላይ እየደረሰ እየሞከረ ከሆነ፣ ጎሉ ሊዘገይ ይችላል እንጂ ብቃቱ ያው ነው። ሙከራው ራሱ ከጠፋ ግን ችግር አለ።

• የተጫወተውን ደቂቃ ቁጠሩ። አምስት ጨዋታ ተብሎ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ ተቀይሮ የገባ ልጅ፣ አንድ ሙሉ ጨዋታ እንኳ አልሞላም።

• ተጋጣሚውንና ሜዳውን እዩ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ዓመታት የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ስለተካሄዱ፣ አዳማ ከተማ አንዳንዱን ዙር በአዳማ፣ ሌላውን በሐዋሳ ወይም በድሬዳዋ ተጫውቷል። የሜዳ ጥቅም ደግሞ እውነት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የጀርመን ቡንደስሊጋ በኮሮና ምክንያት ያለ ተመልካች ዳግም ሲጀመር፣ ባለሜዳ ክለቦች የሚያሸንፉበት ጨዋታ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ በሐዋሳ የታየውን አዳማ ላይ ከታየው ጋር ዝም ብሎ ማነጻጸር አያስኬድም።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ስድቡ የሚያርፈው ሰው ላይ ስለሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰደበው ተጫዋች ከእናንተ በሁለትና በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ስልክ አለው፣ ያነባል፤ እናቱም ታነባለች። ዳይሱ ላይ የጮኻችሁት ዳይሱን አልጎዳውም። ልጁ ግን ጆሮ አለው።

ነገሩ ከኳስም ያልፋል። በአንድ የሒሳብ ፈተና ዝቅ ብላችሁ ከተቆጡችሁ በኋላ በሚቀጥለው ስትሻሻሉ፣ «ቁጣው ሠራ» መባሉ አይቀርም። ቁጣው ሊሆን ይችላል፤ ጥናታችሁ ሊሆን ይችላል፤ ያለፈው ቀን መጥፎ ቀን ሆኖም ሊሆን ይችላል። ለመለየት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ ማንም ባይቆጣስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሳይንቲስት መድኃኒት ሲሞክር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለዚህም ነው መድኃኒቱን ከወሰዱት ጋር ያልወሰዱትን ጎን ለጎን የሚያየው።

በሚቀጥለው ክርክር አንዱ «ሰደብነው፣ ነቃ!» ሲላችሁ አትጣሉት። «ባንሰድበውስ ኖሮ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ዳይሱን አውጡና አብራችሁ ወርውሩ።