ያገለገለ የቶርኖ ማንድሪኖ ስለ መግዛትና ስለ መግጠም

ባለ ሦስት መንጋጋ ማንድሪኖ የሚባለው የሚቀረጸውን ብረት ጨብጦ ከቶርኖው ዋና ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር መያዣ ነው። ቶርኖው ራሱ በደኅና ከተያዘ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል ሲሆን ማንድሪኖው ግን ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህም ያገለገለ ማንድሪኖ ከአንዱ ቶርኖ ወጥቶ በሌላው ላይ እንዲገጠም መሸጡና መለወጡ የተለመደ ንግድ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር በየቤቱ ባለ ትንሽ ወርክሾፕ ዘንድ የታወቀው ማይፎርድ ኤም ኤል 7 የተባለው ቶርኖ በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ፥ ኖቲንግሃም አጠገብ በምትገኘው በቢስተን ይሠራ ነበር። የቀድሞው ኩባንያ በዚያ ሥፍራ ሥራውን በ2011 ቢያቆምም መኪኖቹ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ስለሚገኙ የዕቃቸው ገበያ አልተቋረጠም።

ሻጩም ገዢውም በመጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው ነገር የጥርሱ ልክ ነው። በተጠቀሰው ቶርኖ ላይ የዘንጉ ጫፍ ስፋት 1 ኢንች ከ1/8 ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 12 ጥርስ አለው። ሌላ ቶርኖ ሌላ ልክ አለው፤ ሌላውም ጥርስ የሌለው፥ በብሎን ብቻ የሚታሰር ነው። ልኩ ጥቂት የሚለይ ማንድሪኖ ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ትንሽ ቢገፋ ይገባል» ብሎ በኃይል ያዞረው እንደሆነ የሚበላሸው ርካሹ ማንድሪኖ ብቻ ሳይሆን ውዱ የቶርኖ ዘንግ ጭምር ነው። ስለዚህ ነጋዴው በዕቃው ላይ በሚያንጠለጥለው ወረቀት የጥርሱን ስፋትና በኢንች ያለውን የጥርስ ቍጥር፥ በሜትር ልክ የተሠራም እንደሆነ ይህንኑ ቢጽፍ ከብዙ ክርክር ይድናል። «የቶርኖ ማንድሪኖ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ለገዢው ምንም አይነግረውም።

ዋጋ ከመቈረጡ በፊት መንጋጋዎቹ መታየት አለባቸው። እያንዳንዱ መንጋጋ 1፥ 2፥ 3 የሚል ቍጥር አለበት፤ በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ ሲሆንም በመንጋጋው ላይ ያለው የመለያ ቍጥር በአካሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሆናል። ከልዩ ልዩ ማንድሪኖ የተለቃቀመ መንጋጋ ብረቱን ከመሐል አስወጥቶ ይይዛል። ከዚህም ሌላ ትላልቅ ዕቃ ለመያዝ የሚያገለግሉት ሁለተኛዎቹ ሦስት መንጋጋዎች አብረው መኖራቸውን መጠየቅ ይገባል፤ ባለቤታቸው ባንድ ጥግ ረስቷቸው የሚቀሩት እነዚህ ናቸውና። ቀጥ ያለ ዘንግ ሲጨበጥ በኋላ በኩል ብቻ ተይዞ በፊት በኩል ክፍተት ከታየ የመንጋጋዎቹ አፍ ተበልቷል ማለት ነው።

ማንድሪኖው ቤት ከደረሰ በኋላ ተፈትቶ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። በውስጡ መንጋጋዎቹን የሚያንቀሳቅስ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ሳህን ስላለ በቦዩ የተጣበቀው የብረት ፍርፋሪ በብሩሽ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ከዚያም ቀጭን ዘይት በጥቂቱ ይቀባል፤ ወፍራም ግራሶ ግን ፍርፋሪውን ስለሚይዝ አይበጅም። መንጋጋዎቹም በ1 ተጀምሮ በየቍጥራቸው ተራ ይገባሉ፤ ተራው ከተዛባ በመሐል አይገናኙም።

ዋናው ሥራ በማንድሪኖውና በዘንጉ መካከል የሚገባው የጀርባ ሳህን ነው። ብዙ ሰው ማንድሪኖውን ከመሐል የሚያቆመው ጥርሱ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥርሱ የሚያጠብቅ ብቻ ነው፤ የሚያቀናው ከጥርሱ ኋላ ያለው ለስላሳ አንገትና ትከሻው ነው። ስለዚህ አዲስ የጀርባ ሳህን በሚያገለግልበት ቶርኖ ላይ ራሱ ተጠምዝዞ ፊቱና ጠርዙ በዚያው ይቀረጻል፤ የማንድሪኖው ጎድጓዳ ጀርባም በዚያ ጠርዝ ላይ ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። በሌላ ቶርኖ ላይ የተቀረጸ ሳህን የዚያን ቶርኖ ስሕተት ይዞ ይመጣል። ብሎኖቹም አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሳይሆን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ።

ለፈተናው ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ ጨብጦ በባለ መርፌ መለኪያ ማየት ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የመርፌው መወዛወዝ ከኢንች 3 ሺኛ (0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ) ካልበለጠ ላገለገለ ማንድሪኖ መልካም ነው። ከበለጠ ግን ገዢው ወደ ሻጩ ከመሮጡ በፊት በትከሻው ላይ ፍርፋሪ መኖር አለመኖሩን ይመልከት፤ አንዲት ቅንጣት መላውን ልክ ታዛባለችና። ቦዩ በሁሉም ስፍራ እኩል ስለማያልቅ በሌላ ውፍረት ባለው ዘንግም መፈተን ያስፈልጋል። ፍጹም ልክ የሚፈልግ ሰው ግን እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው የሚንቀሳቀስበትን ባለ አራቱን ይግዛ፤ ባለ ሦስቱን ባልተሠራበት ነገር መውቀስ አግባብ አይደለም።

በጥርስ የሚገጠም ማንድሪኖ ወደ ኋላ በመዞር ሥራ ሲሠራበት፥ ወይም በፍጥነት ሲዞር በድንገት ሲቆም፥ ተፈትቶ ሊወድቅ ይችላል። በሚወርድበትም ጊዜ ከሥሩ የቶርኖው አልጋ ላይ ሳንቃ ይደረጋል። ቁልፉም ሰው እጁን ሳያነሣ ከቀዳዳው መውጣት አለበት፤ ተረስቶ ቶርኖው የተነሣ እንደሆነ እንደ ጥይት ተወርውሮ ባለሙያውን ይመታል። ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ማንድሪኖ ሲገኝ ባለ አራት ማዕዘኑ የቁልፍ ቀዳዳ ተለክቶ ልኩ ከዋጋው ጎን ይጻፍ።