ቀፊራ ያልተጠራችበት ስብሰባ

ድሬዳዋ የምትበላውን አታበቅልም። ነቀፋ አይደለም፤ አፈጣጠሯ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በባቡርና በንግድ ያደገች ከተማ ናት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከተገኙት 341,834 ነዋሪዎቿ ከመቶ 68 የሚሆኑት ከተሜ ነበሩ። በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ማሽላ ይዘራሉ፤ ዝናቡ ግን የሚያስተማምን አይደለም፣ ከራሳቸው ጎተራ ተርፎ ከተማውን የሚያጠግብ ምርትም አይወጣቸውም።

ስለዚህ ከተሜው የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በገበያ ነው። ገበያ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የሚነሣው ስም ቀፊራ ነው። ከከዚራ ሰፈር ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ ሰው የዓረብ አሠራር ባላቸው ቅስቶች ሥር አልፎ ይገባል። ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ጎመኑ ከምሥራቅ ሐረርጌዎቹ ሐረማያና ኮምቦልቻ ደጋ ይወርዳል፤ ለውዙ ከባቢሌ፣ የግመል ወተቱና ፍየሉ ከሽንሌ በኩል ከሶማሌ አርብቶ አደር ይመጣል። ሩዙ፣ ፓስታውና ዘይቱ በጅቡቲ መንገድ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ የትኛው ቀረጥ እንደተከፈለበት መጠየቅ የድሬ ልጅ ደንብ አይደለም። ሻጮቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ክርክር ውስጥ ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ ይከስራል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ፤ ስለ ረሃብ ለመምከር በመንግሥት ወደተሰየሙት ጉባኤዎች። ታሪካቸው ረጅም ነው። የወሎን የረሃብ እልቂት ዓለም ከሰማው በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ደርግ ለከተሜው የቀበሌ ሱቅንና የራሽን ካርድን አመጣ፤ እህሉን የሚያቀርበው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ነበር፤ ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ ያስረክባል፣ ነጋዴው ደግሞ በየኬላው ይፈተሻል። እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንደልብ መጓዝ የጀመረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ኮሚሽኑም በኢሕአዴግ ዘመን የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ።

በ1995 ዓ.ም. ድርቁ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው ለእርዳታ ሲዳርግ፣ መንግሥትና ለጋሾች አዲስ የምግብ ዋስትና ጥምረት ብለው ተሰበሰቡ። ከብዙዎቹ ጉባኤዎች የሚለየው ፍሬ ማፍራቱ ነው፤ በ1997 የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚያ ወጣ፣ በየዓመቱ የሚለመነው እርዳታም ለብዙ ሚሊዮን ሰው አስቀድሞ የሚታወቅ ድጋፍ ሆነ። ፕሮግራሙ ግን የገጠር ነበር። በድሬዳዋም የገጠር ቀበሌዎች ታቀፉ፣ ከደቻቱ ዳር ያለው የቀን ሠራተኛ ውጭ ቀረ።

ከተሜው እስኪታይ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት 11 ከተሞችን ሲይዝ ድሬዳዋ አንዷ ሆነች። በጠቅላላው ወደ 600,000 ሰው ታሰበለት፤ መሥራት የሚችለው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሰል ሥራ ላይ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፣ የማይችለው ቀጥታ ይደገፋል። መልካም ጅምር ነው። ችግሩ ግን ሲጀመርም ነበር፦ ክፍያው በፕሮጀክት ሰነድ ይወሰናል፣ የማሽላና የዘይት ዋጋ ደግሞ ቀፊራ ውስጥ በየሳምንቱ ይለወጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ወንበር አልተሰናዳም።

በኅዳር 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲን አጸደቀ፤ ስትራቴጂው በ2013 ተከተለ። ከዚያ በፊት ጉዳዩን የሚያስተባብረው ብሔራዊ አካል በጤና ሚኒስቴር ይመራ ነበር፤ ግብርናና ትምህርት አጠገቡ ነበሩ። በሐምሌ 2007 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ብዙ ሚኒስቴሮችን በአንድ ጠረጴዛ አሰባስቧል። በእነዚህ ስብሰባዎች የሚቀመጡት በሙሉ ለማለት ይቻላል የመሥሪያ ቤት ተወካዮች ናቸው። ስለ ረሃብ ሲመከር የሻይ ዕረፍት አይዘለልም፤ ሻዩን የቀዳችው ሴት ግን ዛሬ ጠዋት ስኳር በስንት እንደገዛች የሚጠይቃት የለም።

ለድሬዳዋ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በከተማዋ የሚቀመጥ አስተባባሪ ኮሚቴ ሥልጣኑ የሚያበቃው የአስተዳደሩ ወሰን ላይ ነው፤ ከተማዋን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ያደረገው ቻርተር በ1996 ዓ.ም. የወጣ ነው። የቀፊራ ምግብ ግን የሚመረተው ከወሰኑ ውጭ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ነው። በ2010 ዓ.ም. መባቻ በሁለቱ ክልሎች ወሰን ግጭት ሲነሣ ተፈናቃዮች ወደ ድሬዳዋ ፈለሱ፤ ነጋዴውም የሚያውቀውን መንገድ ፈራ። ስለ ድሬዳዋ ረሃብ ሊመክር የተቀመጠ ኮሚቴ ስለ ሐረማያ መንገድ የማዘዝ ሥልጣን ከሌለው፣ ግማሹን አጀንዳ ሳይነካ ይበተናል ማለት ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለት ከገንዘቡ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በሌላ አገር የተሞከረ መንገድ አለ። የብራዚሏ ቤሎ ኦሪዞንቼ በ1993 እ.ኤ.አ. ለምግብ አቅርቦት ብቻ የቆመ ጽሕፈት ቤት ከፈተች፤ በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች በከተማው አደባባይ ያለ ደላላ እንዲሸጡ ፈቀደች፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚበላባቸው ሕዝባዊ ምግብ ቤቶችም አቋቋመች። በአገር ደረጃ የተቋቋመው የብራዚል የምግብ ዋስትና ምክር ቤት ደግሞ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ከማኅበረሰቡ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለ ምክር ቤት ግን በአንድ ፊርማ ሊጠፋ ይችላል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ መንግሥት ሥራ በጀመረበት ቀን አፈረሰው፣ ፕሬዚዳንት ሉላ ወደ ሥልጣን ሲመለሱ በ2023 መለሱት።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ምግብን ከጤናና ከትምህርት እኩል የፖሊሲ ዓላማ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የድሬዳዋ ምግብ ምክር ቤት ቢቋቋም፣ የኦሮሚያው የምሥራቅ ሐረርጌና የሶማሌው የሲቲ ዞን አስተዳደሮች ቋሚ አባል፣ የቀፊራ የአትክልትና የወተት ሻጮች ደግሞ ድምፅ ያላቸው አባል መሆን አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ አጀንዳዎች ተራ ነገሮች ይሆናሉ፦ ወተቱ በድሬ ሙቀት ከመበላሸቱ በፊት የሚቀዘቅዝበት ቦታ፣ ቲማቲሙ የሚያድርበት ጥላ፣ ከደጋው እስከ ቀፊራ በየኬላው የሚከፈለው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚቀበለው። የመጨረሻውን ከሁሉ አስቀድሞ ማንሣት ይሻላል፤ መልሱን ሻጮቹ ያውቁታል፣ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።