ልጅ የሚያየው የወላጁን እጅ ነው

ልጅ የሚማረው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የሚማረው በዓይኑ ነው። ወላጁ የሚናገረውን ይሰማል፤ የሚሠራውን ግን ይደግማል። ገበሬ ወገኖቻችን ይህን ከእርሻ ሥራ ያውቁታል። እርሻን ለልጁ በቃል ብቻ ያስተማረ አባት የለም። ልጁ ከኋላ እየተከተለ፣ አባቱ ዕርፉን እንዴት እንደሚጨብጥ እያየ ነው ገበሬ የሚሆነው። ንጽሕናም እንደዚሁ ነው። ይህን በአንድ ቤት እንመልከት።

ኮልፌ ቀራንዮ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። የሚገኘው በከተማዋ ምዕራብ ነው። እዚያ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ። በዚህ አካባቢ ከገጠር በመኪና የሚመጣ አጠና እየጫነና እያወረደ የሚኖር አንድ አባት እንውሰድ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እንደሱ ያለ አባት በየሰፈሩ፣ በየቀበሌው አለ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ትልቁ 6 ዓመቱ ነው። ትንሹ ገና 2 ዓመት ከመንፈቁ ነው።

ትንሹ ልጅ የትልቁ ጥላ ነው። ትልቁ ሲሮጥ ይሮጣል። ትልቁ ሲያስል፣ ሳያመው ያስላል። ጠዋት በአንዲት ኩባያ ይጣላሉ። ትልቁ ኩባያዋን ሲተዋት ትንሹም ይተዋታል። እናታቸው «እኔ የወለድኩት ሁለት ነው ወይስ አንድ?» እያለች ትስቃለች።

አንድ ማታ አባትየው ከሥራ ገባ። እጁ የእንጨት ልጣጭና አቧራ ነበረበት። ራቱ ቀርቧል፣ እሱም ርቦታል። «ልጆች፣ እጃችሁን ታጠቡ!» አለና ራሱ ቁጭ ብሎ እንጀራውን ቆረሰ።

ትልቁ ልጅ ቆመና «አባዬ፣ አንተስ መቼ ታጠብክ?» አለው።

አባትየው ሳቀ። «አይ! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለ። ትልቁም ሳይታጠብ ተቀመጠ። ትንሹም ትልቁን አይቶ ተቀመጠ። አባትየው ልጁን ስለሚወደው ጠቅልሎ አጎረሰው። ጉርሻው የፍቅር ነው፤ እጁ ግን ንጹሕ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ትንሹ ልጅ ተቅማጥ ያዘው። ከዚያች ጉርሻ ይሁን ከሌላ በርግጥ ማወቅ አይቻልም። የተቅማጥ መንገዱ ግን የታወቀ ነው። በሽታውን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። የሚወጡት ከዓይነ ምድር ነው። በእጅ፣ በዝንብ፣ ባልተጣራ ውኃና ባልተሸፈነ ምግብ አድርገው ወደ አፍ ይገባሉ። እጃችን ምንም ቆሻሻ ባይታይበት እንኳ ሊሸከማቸው ይችላል።

ሌሊቱን ልጁ አምስት ጊዜ ተቀመጠ። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ከንፈሩ ደረቀ። ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም። ይህን የሰማች ጎረቤት መጣችና «አንቺ ልጅ፣ ውኃ እንዳትሰጪው! የጠጣው ሁሉ እየወረደ ያባብስበታል» አለች። ጎረቤቲቱ በክፋት አልተናገረችም። ከእናቷ የሰማችው ነው። ነገር ግን ምክሩ ልጅ የሚገድል ምክር ነው።

ለምን? እንስራ ሲያፈስ ውኃ መጨመር ቢያቆሙ እንስራው ባዶ ይቀራል። የልጅ ገላም እንደዚሁ ነው። በተቅማጥ ጊዜ ከገላው ውኃና ጨው ይወጣል። የሚወጣው ካልተተካ ደሙ ይወፍራል፣ ልቡ ይደክማል። ብዙ ጊዜ በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን የሚሞተው ገላው ደርቆ ነው።

በቤቱ ውስጥ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ አንድ ከረጢት ነበር። ብዙ ሰው «ለምለም» እያለ የሚጠራው፣ በውኃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ መድኃኒት ነው። አባትየው ደንግጦ ከረጢቱን ቀደደ። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ሊበጠብጠው ሲል የልጆቹ አያት እጁን ያዙት።

«ቆይ አንተ! ምን ይላል? መጀመሪያ እናንብበው» አሉት።

እኚህ እናት ፊደል የቆጠሩት በገጠር ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ተምረዋል። ልጃቸው ማንበብ ሳይችል ቀርቶ አይደለም። ቸኩሎ ነው። ፊደልን በድካም ያገኘ ሰው ግን የተጻፈ ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። አያትየው ከረጢቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው «ለ… አንድ… ሊትር…» እያሉ አነበቡ። በአንድ ብርጭቆ ተበጥብጦ ቢሆን ኖሮ ጨው በዝቶበት ልጁን ይጎዳው ነበር።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው።

1ኛ. እጅን በሳሙና መታጠብ።

2ኛ. ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ ልክ ማንበብ። 1 ሊትር የሚል ከሆነ፣ ሃይላንድ የምንለው ባለ 1 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ለመለኪያ ይሆናል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል።

3ኛ. ከረጢቱን በሙሉ ጨምሮ መበጥበጥ። ስኳርም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመርበትም።

4ኛ. ልጁ በተቀመጠ ቁጥር ማጠጣት። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ኩባያ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከግማሽ እስከ ሙሉ ኩባያ ይሰጣል። በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጠጣው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ ቀስ እያሉ እንደገና መስጠት ነው።

5ኛ. የተበጠበጠውን ከድኖ ማስቀመጥ፤ 24 ሰዓት ካለፈው መድፋት።

መድኃኒቱ በቤት ከሌለስ? በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ልኩ መሳሳት የለበትም። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን፣ ምግብ የጀመረም ምግቡን አይከልከል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክ የሚባል እንክብልም ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ በታዘዘው ቀን ልክ መጨረስ አለበት።

ይህ ቀላል ነገር ስንት ሰው ማዳኑን በአንድ ምሳሌ እንይ። በ1963 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ጦርነት ብዙ ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። በስደተኞቹ ሰፈር ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም ስኳርና ጨው በውኃ አስበጥብጠው በሽተኞቹን በአፍ አስጠጡ። ያዳረሱትም የበሽተኞቹ ቤተሰቦች ነበሩ። ቀድሞ ከ100 በሽተኞች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በዚህ ዘዴ የሚሞቱት ከ100 ከ4 በታች ሆኑ።

ወደ ቤቱ እንመለስ። እናትየው ልጇን ታቅፋ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ትልቁ ልጅ እንቅልፍ አልወስድ አለው። «እኔ ልቁጠር» አለ። እናቱም ፈቀደችለት። «አሥራ አንድ… አሥራ ሁለት…» እያለ ማንኪያውን ሲቆጥር ትንሹ ወንድሙን እያየ አፉን ይከፍት ጀመር። ሊነጋጋ ሲል ሽንቱን ሸና። አያትየው «እሰይ! ተመስገን!» አሉ። ሽንት መሽናቱ ገላው ውኃ ማግኘቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። እንደነጋም ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ የሚያስኬድ ምልክት አለ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ደም ከተቀላቀለበት፣ ከፈዘዘ ወይም ሲጠሩት ካልነቃ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አይገባም። የሆዱ ቆዳ በጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰም እንደዚሁ ነው። በመንገድም ላይ መጠጣት ከቻለ እያጠጡት ይሄዳሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መከላከሉ ነው። ሮታ በሚባለው ተሕዋስ የሚመጣውን ተቅማጥ የሚከላከል ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት ይሰጣል። ለቀሪው መድኃኒቱ እጃችን ላይ ነው። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ልጅ ካጸዳን በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችን በፊት፣ ከመብላታችንና ከማጉረሳችን በፊት እንታጠብ። ሳሙና ከሌለ አመድ ይተካዋል።

ያ አባት ዛሬ ከሥራ ሲገባ ወደ ራቱ አይሄድም። መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ትልቁ ልጅ ከጣሳ ውኃ ያፈስለታል። አባትየው በሳሙና እያሸ ይታጠባል። ሲጨርስ ጣሳውን ተቀብሎ ለትልቁ ያፈስለታል። ትንሹ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ሁለት እጁን ዘርግቶ «ለኔም! ለኔም!» ይላል።

ማንም «ታጠብ» አላለውም። አይቶ ነው።