የባሕር ውስጥ ሮቦት ፓይለት ለመሆን ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ሰኔ 2015 ዓ.ም. ላይ የታይታኒክን ስባሪ ለማየት አምስት ሰው ይዛ የጠለቀችው ታይታን ስትጠፋ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ ተጥደን ነበር የሰነበትነው። ከቀናት ፍለጋ በኋላ ስብርባሪዋን 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያገኘው ጠላቂ ዋናተኛ አይደለም። ኦዲሲየስ የሚባል፣ ውስጡ ሰው የሌለበት፣ ከመርከብ ላይ በረጅም ኬብል የሚነዳ ሮቦት ነው። ነጂዎቹ ላይ መርከቡ ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል።

ይሄ ሮቦት በሙያው ቋንቋ አር ኦ ቪ ይባላል፤ የሚነዳው ሰው ደግሞ የአር ኦ ቪ ፓይለት። ከባሕር ሥር ነዳጅና ጋዝ በሚወጣባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሰሜን ባሕር፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና በብራዚል ዳርቻ፣ ጠላቂ ሰው የማይደርስበትን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ቧንቧ ይፈትሻል፣ ቫልቭ ከፍቶ ይዘጋል፣ ኬብል ይቀብራል።

ስለዚህ ሥራ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ሳታዩ አትቀሩም። ክፍያው አሪፍ ነው፣ ለሳምንታት ሠርተህ ለሳምንታት ታርፋለህ፣ ዲግሪ አይጠየቅም ይላሉ። ከሥሩ የአንድ ትምህርት ቤት ሊንክ ይኖራል። ዲግሪ አይጠየቅም የሚለው እውነት ነው። ችግሩ፣ የጥቂት ሳምንት ኮርስ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ወይም ዩሮ ያስከፍላል። ቪዛ፣ ትኬትና ማደሪያ ሲጨመርበት የአንድ ቤተሰብ ዕቁብ፣ ወይም ውጭ ያለች እህት የዓመታት ቁጠባ ማለት ነው። ስለዚህ "የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?" ከማለታችን በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ኮርሱን ጨርሳችሁ ስትወጡ ቀጣሪው የሚፈልገው ሰው ትሆናላችሁ ወይ?

የሥራው ሙሉ መጠሪያ "ፓይለት ቴክኒሺያን" ነው። ቪዲዮዎቹ የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ እንጀራው ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። ለከባድ ሥራ የሚውለው አር ኦ ቪ ቶኖች የሚመዝን፣ በሃይድሮሊክ የሚንቀሳቀስ እጅ ያለው ማሽን ነው። ኃይል የሚላክለት በሺዎች ቮልት ነው፤ ምስሉ የሚመጣው በፋይበር ኦፕቲክ ነው። ጨው ውኃ ደግሞ ለኤሌክትሪክ አይራራም። አንድ ጎማ ማኅተም ካፈሰሰ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ መርከቡ እየተናጠ፣ ፈትታችሁ የምትጠግኑት እናንተው ናችሁ። መሃል ባሕር ላይ ደውላችሁ የምትጠሩት ባለሙያ የለም። ፈረቃው 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ጆይስቲክ ይዛችሁ የምትቆዩት የተወሰነውን ብቻ ነው። የቀረው መፈተሽ፣ መቀየር፣ ማጠብ፣ መመዝገብ ነው።

ለዚህ ነው ቀጣሪዎች መጀመሪያ እጃችሁን የሚያዩት። ኤሌክትሪክ ወይም ኤሌክትሮኒክስ በቴክኒክና ሙያ ተምራችሁ ሲኦሲ ያለፋችሁና ሥራ ላይ የቆያችሁ፣ ወይም የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ፈታችሁ የገጠማችሁ ከሆናችሁ፣ ፕሌይስቴሽን ላይ አንደኛ ከሆነው ጓደኛችሁ ትቀድማላችሁ። ባሕር ዳር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰርነት ሠልጥነው መርከብ ላይ የሚሠሩት ልጆች ደግሞ ከሁሉም ይቀርባሉ፤ ባሕሩንም ኤሌክትሪኩንም ያውቁታል። ከእነዚህ አንዱም ከሌላችሁ፣ የእኛ አስተያየት፣ ገንዘቡን መጀመሪያ እጅ የሚያፍታታ ሙያ ላይ አውሉት። የሦስት ሳምንት ኮርስ ከዜሮ ቴክኒሺያን አያደርግም።

ሙያው አላችሁ እንበል። አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቹ።

ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት ስም ኢምካ ነው። የባሕር ሥራ ተቋራጮች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። አዲስ ሠልጣኝ ምን ማወቅ እንዳለበት፣ ከፓይለት ቴክኒሺያን ግሬድ 2 ተነስቶ ወደ ግሬድ 1፣ ከዚያም ወደ ሱፐርቫይዘር እንዴት እንደሚያድግ መመሪያ ያወጣል። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ኢምካ መመሪያ ያወጣል እንጂ የአር ኦ ቪ ኮርሶችን መርምሮ ዕውቅና አይሰጥም። "ኮርሳችን የኢምካን መመሪያ ተከትሎ የተዘጋጀ ነው" የሚል ትምህርት ቤት ትክክል ሊሆን ይችላል። "ኢምካ ያጸደቀው ሰርተፍኬት እንሰጣለን" የሚል ግን ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው። እኛ አገር ሥልጠናውን አንዱ ሰጥቶ ምዘናውን ሲኦሲ እንደሚያደርገው ዓይነት ነገርም እዚህ የለም። ብቃታችሁን የሚመዝነው ሥራ ላይ እያላችሁ የቀጠራችሁ ድርጅት ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓታችሁ መመዝገቢያ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ኮርሱ በር ያንኳኳላችሁ ይሆናል፣ ግሬድ ግን አይሰጣችሁም።

ቀጥሎ የሚታየው ማሽኑ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ ትልቅ ሮቦት ሊሆን ይችላል፤ የምትነዱት ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ለማስተማሪያ የሚሆኑት ትንንሾቹ ናቸው። ለምሳሌ ሲአይ ፋልኮን 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እስከ 300 ሜትር ይወርዳል። ባሕር ላይ ከሚጠብቋችሁ አንዱ የሆነው ሚሌኒየም ፕላስ ደግሞ 220 የፈረስ ጉልበት አለው። በትንሹ መጀመር ምንም ነውር የለውም፤ ኬብል እንዳይጠላለፍ መጠበቅንና ጅረት ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆምን በደንብ ያስተምራል። ነገር ግን በትንሹ ተምራችሁ "የከባድ ሥራ ፓይለት" የሚል ወረቀት ከሰጧችሁ ጠርጥሩ። ሲሙሌተርም መጥፎ አይደለም፤ ድርጅቶቹ ራሳቸው ይጠቀሙበታል። መጠየቅ ያለባችሁ ስንቱ ሰዓት ሲሙሌተር፣ ስንቱ እውነተኛ ውኃ እንደሆነ ነው። ውኃውስ? ጥርት ያለ መዋኛ ገንዳ ነው ወይስ ባሕር? ገንዳ ውስጥ ጭቃ ተነስቶ ካሜራውን አያጨልመውም።

ሰዓቱን ደግሞ ራሳችሁ አስሉት። አሥር ተማሪ አንድ ሮቦት ይጋራል እንበል። በቀን 8 ሰዓት፣ ለአምስት ቀን ቢሠራ 40 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰው 4 ሰዓት ብቻ ይደርሰዋል፣ ያውም ሮቦቱ ካልተበላሸ። "የ40 ሰዓት የተግባር ሥልጠና" የሚለው ማስታወቂያ ይሄን ሊሆን ስለሚችል "እኔ በግሌ ስንት ሰዓት እነዳለሁ?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

የሚበላሸው ሮቦት እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው፤ ተማሪው ከጠገነው። ጥሩ ኮርስ ሆን ብሎ ያበላሽና ብልሽቱን ፈልጉ ይላችኋል። ኬብል ቆርጣችሁ መልሳችሁ ታስራላችሁ፣ ፋይበር ትቀጥላላችሁ፣ በሜገር ኢንሱሌሽን ትለካላችሁ፣ የሃይድሮሊክ ሥዕል ታነባላችሁ። ከመርከብ ወደ ውኃ የማውረድና የማውጣት ሥራም መኖር አለበት፤ ማሽኑም ሰውም በብዛት የሚጎዳው ማዕበሉን በሚያልፍበት በዚያች ደቂቃ ነው። የኮርሱ ፕሮግራም ላይ ግማሹ ጥገና ካልሆነ እኛ ብንሆን አንከፍልም።

አስተማሪው መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ባሕር ላይ የሠራው? ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ሁለት ተማሪዎችን ሊያገናኟችሁ ይችላሉ? ሊንክድኢን ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ብትፈልጉ የቀድሞ ተማሪዎቹ አሁን ምን እየሠሩ ነው? ይሄ ነፃ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። "ሥራ እናስቀጥራለን" ካሉም ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደወሰደ ይንገሯችሁ። በነገራችን ላይ ሰው የሚፈልጉ ትልልቅ ድርጅቶች ሙያ ያለውን ቀጥረው በራሳቸው ወጪ የሚያሠለጥኑበት መንገድም አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሲቪያችሁን ለእነሱ ልኩ።

ከኮርሱ ውጭ ያለውን ወጪ አብዛኛው ማስታወቂያ አይነግራችሁም። ወደ ባሕር መድረክ በሄሊኮፕተር ለመሄድ ቦሲየት የሚባል የደህንነት ሥልጠና ይጠየቃል። ሄሊኮፕተር መሰል ነገር ውስጥ አስረው ገንዳ ውስጥ ይገለብጧችኋል፣ ራሳችሁን አውጥታችሁ ትወጣላችሁ። ውኃ የምትፈሩ ከሆነ አሁኑኑ እወቁት። የሚያገለግለው ለ4 ዓመት ነው። ሰሜን ባሕር ላይ የሚጠየቀው የሕክምና ምርመራ ደግሞ ቢበዛ 2 ዓመት። ሥራ ሳይታይ ሁለቱንም መውሰድ ማለት ቤት ቁጭ ብላችሁ ጊዜያቸውን ማቃጠል ስለሆነ ለመጨረሻ አቆዩዋቸው።

ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ዋናው ቪዛ ነው። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ቪዛ አይደለም፤ የሥልጠና ቪዛም የሥራ ፈቃድ አይደለም። "ቪዛ ብከለከል ስንት ትመልሱልኛላችሁ?" የሚለውን በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን አስቀምጡ። ሙሉውን በአንዴ አትክፈሉ። ስኮትላንድ ፎርት ዊልያም ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ጠላቂዎችንና የአር ኦ ቪ ፓይለቶችን ሲያሠለጥን የኖረው፣ ስሙ የታወቀው ማዕከል እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሞ ነበር፤ የተከፈተው በኋላ በሌላ አስተዳደር ነው። ደላላ መሃል ካለ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ራሱ ጻፉ።

ሥራው ራሱ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋጋው ሲወድቅ ልምድ ያላቸው ፓይለቶች ሳይቀሩ ቤታቸው ተቀምጠዋል። አሁን የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል፣ የዓሣ እርባታና የግድብ ፍተሻ ሌላ በር ከፍተዋል። የኢንተርኔት ኬብልም አለ፤ የካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ እንዳየነው፣ ስልካችን ላይ የምናየው ነገር የሚመጣው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ መስመር ነው። ሌላው ለውጥ ሮቦቱን ከየብስ መንዳት መቻሉ ነው። ኦሺኒሪንግ የተባለው ድርጅት ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ውስጥ ሆኖ ባሕር ላይ ያለውን አር ኦ ቪ የሚነዳበት ማዕከል አለው። ይሄ ሲስፋፋ መርከብ ላይ ጠጋኝ፣ የብስ ላይ ነጂ እየተባለ ሊከፈል ይችላል፤ ጠጋኙ ግን በሁለቱም ዘመን ይፈለጋል።

እስከዚያው ቤታችሁ ሆናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ብሉ አር ኦ ቪ 2 የሚባለው ትንሽ ሮቦት የሚሠራበት አርዱሰብ የተሰኘ ሶፍትዌር ነፃና ክፍት ነው፤ ሮቦቱ ሳይኖራችሁ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን ይሠራል። ተማሪዎች ሮቦቱን ራሳቸው ሠርተው የሚወዳደሩበት ሜት የተባለ ዓለም አቀፍ ውድድርም አለ፤ ግብፃውያን በብዛት ይገቡበታል፣ የውድድሩ መመሪያ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል። ላፕቶፕ ያለው ሰው አውርዶ ለሁለት ሳምንት ይሞክረው። ገና በሦስተኛው ቀን ግራጫ ስክሪን ማየት ያንገሸገሸው ካለ ሺህ ፓውንዶቹ ኪሱ ውስጥ ቀሩለት።