ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ለጥቃት ያዘነብላሉን?

ስኪዞፍሬኒያ ከጥቃት ድርጊት ጋር ያለው ግንኙነት በአእምሮ ሕክምና ጥናት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። በአንድ ወገን ሕመሙ ያለበት ሰው ሁሉ አደገኛ ነው የሚል ሥር የሰደደ የሕዝብ ግምት አለ። በሌላ ወገን መገለልን ለመከላከል ሲባል ሁለቱ ከቶ አይገናኙም የሚል አባባል ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አቋሞች በማስረጃ የማይደገፉ መሆናቸውን ማሳየትና ውጤቱ በኢትዮጵያ ለሚሰጠው እንክብካቤ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንጻራዊ ስጋትና ትክክለኛ መጠኑ

ሲና ፋዘልና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት በስዊድን ብሔራዊ መዝገቦች ውስጥ ከ1973 እስከ 2006 የተመዘገቡ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 8,003 ሰዎች ከሕዝቡ ከተመረጡ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽረዋል። ቢያንስ አንድ ጊዜ በጥቃት ወንጀል የተፈረደባቸው ከታማሚዎቹ 13.2 በመቶ፣ ከአቻዎቻቸው ደግሞ 5.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ግንኙነት የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም ያው አኃዝ በሌላ አቅጣጫ ሲነበብ ከ100 ታማሚዎች 87 ያህሉ በጥቃት ወንጀል አንድም ጊዜ እንዳልተፈረደባቸው ይናገራል።

ሕመሙ ከሕዝቡ ጥቂቱን ክፍል ብቻ የሚይዝ በመሆኑ በአገር ደረጃ ያለው ድርሻ ከዚህም ያነሰ ነው። ፋዘልና ማርቲን ግራን በ2006 እንዳሳተሙት በስዊድን ከ1988 እስከ 2000 ከተፈጸሙት የጥቃት ወንጀሎች ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር ሊያያዝ የሚችለው 5.2 በመቶ ነው። ይህ አኃዝ ስኪዞፍሬኒያን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ያጠቃልላል። እንግዲህ እነዚህ ሕመሞች ፈጽመው ቢጠፉ እንኳ ከ100 የጥቃት ወንጀሎች 95 ያህሉ ባሉበት ይቀራሉ ማለት ነው።

ስጋቱ ከየት ይመነጫል?

ታማሚዎቹ በሁለት ሲከፈሉ ሥዕሉ ይለወጣል። በስዊድኑ ጥናት አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ አላግባብ ከሚጠቀሙት ታማሚዎች 27.6 በመቶው በጥቃት ወንጀል ሲፈረድባቸው፣ ይህ ችግር ከሌለባቸው ግን 8.5 በመቶው ብቻ ተፈርዶባቸዋል። የኑሮና የማኅበራዊ ሁኔታ ልዩነቶች ታሳቢ ተደርገው ሲሰላ ስጋቱ ለመጀመሪያዎቹ 4.4 እጥፍ፣ ለሁለተኞቹ 1.2 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሕመሙ ከሌለባቸው ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ 4.4 የነበረው ወደ 1.8 ወርዷል። ይህም ለሕመሙ ብቻ ይሰጥ ከነበረው ስጋት ከፊሉ በቤተሰብ ውስጥ ከሚወረስ ተፈጥሮ ወይም አብሮ ካደጉበት ሁኔታ የሚመጣ መሆኑን ይጠቁማል።

በአሜሪካ በሄንሪ ስቴድማንና በባልደረቦቹ ተካሂዶ በ1998 የታተመው የማክአርተር ጥናትም ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን በፒትስበርግ ከተማ በዚያው ሰፈር ከሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሯል። የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ምልክት ያልታየባቸው ታማሚዎች ተመሳሳይ ምልክት ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ጉልህ ልዩነት አላሳዩም።

ሁለተኛው ምንጭ ሕክምና ማጣት ነው። ኦላቭ ኒልሰንና ማቲው ላርጅ በ2010 የልዩ ልዩ አገሮችን ጥናቶች አጠቃለው እንዳሳዩት የሥነ ልቡሰ ቀውስ ባለባቸው ሰዎች ከተፈጸሙ የግድያ ወንጀሎች ከ10 አራት ያህሉ የደረሱት በመጀመሪያው የሕመም ክስተት፣ ገና ሕክምና ሳይጀመር ነው። በስዊድን ተካሂዶ በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት አንድን ሰው መድኃኒት በሚወስድበትና በማይወስድበት ጊዜ ከራሱ ጋር አነጻጽሮ፣ የሥነ ልቡሰ ቀውስ መድኃኒት በሚወሰድበት ጊዜ የጥቃት ወንጀል በ45 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ንጽጽሩ በአንድ ሰው ውስጥ የተደረገ በመሆኑ የአስተዳደግና የባሕርይ ልዩነት ውጤቱን ሊያዛባው አይችልም።

ተጠቂው ማን ነው?

ሕዝባዊው ግምት ታማሚውን አጥቂ ብቻ አድርጎ ስለሚያይ በታማሚው ላይ የሚደርሰውን አያስተውልም። ሊንዳ ቴፕሊንና ባልደረቦቿ በ2005 ባሳተሙት የቺካጎ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ የጥቃት ወንጀል ሰለባ ሆነዋል፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ ከ11 እጥፍ በላይ ነው።

በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች በየቤቱ ተጠይቀው የተጀመረው የረጅም ጊዜ ክትትል ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ በ2015 እንዳሳተሙት ለ10 ዓመት ከተከታተሏቸው 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 121ዱ ሞተዋል፤ የሞት መጠኑም ከጠቅላላው ሕዝብ እጥፍ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታዎች ሲሆን፣ ራስን ማጥፋት፣ ድንገተኛ አደጋና በሰው እጅ መገደልም ከሞት ምክንያቶቹ መካከል ይገኛሉ።

ሰንሰለትና ሕክምና

ጥያቄው በኢትዮጵያ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚታሰርበት ወይም የሚፈታበት ጉዳይ ነው። ሎራ አሸርና ባልደረቦቿ በ2017 ስለ ሶዶ ወረዳ ባሳተሙት ጥናት ቃላቸውን ከሰጡ ታማሚዎችና አስታማሚዎች አብዛኞቹ መታሰርን ወይም ማሰርን በራሳቸው ኑሮ ያወቁ ነበሩ። የተሰጡት ምክንያቶች ታማሚውን ወይም ማኅበረሰቡን ከጉዳት መጠበቅና ወደ ሕክምና ቦታ ማድረስ ነበሩ። ጥናቱ ለዚህ ድርጊት ዋነኛው ምክንያት ስለ ሕመሙ አለማወቅ እንዳልሆነ ይገልጻል። ቤተሰብ የሚያስረው ሌላ አማራጭ ሲያጣና አቅሙ ሲሟጠጥ ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎችም እስራትን ለመቀነስ ከሁሉ ይልቅ የሚበጀው ሕክምናን ማዳረስ እንደሆነ ተናግረዋል።

ይህ ምላሽ ከላይ ከቀረበው ማስረጃ ጋር ይስማማል። ሰንሰለት ስጋቱን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱንም አይነካም፤ መጠጥን ወይም ጫትን አያስተውም፣ የሚያስፈራራ ድምፅ መስማትንም አያስታግስም። ያልተቋረጠ መድኃኒት፣ የሱስ እንክብካቤና ለአስታማሚ የሚሰጥ ድጋፍ ግን ይነኩታል።

ማጠቃለያ

የርእሱ ጥያቄ በአዎን ወይም በአይደለም ሊመለስ አይችልም። የስጋቱ ጭማሪ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን አብዛኞቹን ታማሚዎች አይመለከትም፣ ከፍተኛው ክፍልም ሊታከሙ ከሚችሉ ችግሮች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሐኪሙም ተመራማሪው «ይህ ሰው ስኪዞፍሬኒያ አለበትን?» ከሚለው አልፈው፣ ሕክምናው ተቋርጦ እንደሆነ፣ መጠጥ ወይም ዕፅ ይወስድ እንደሆነ፣ ቀድሞ ጥቃት ፈጽሞ ወይም ተፈጽሞበት እንደሆነ ሊጠይቁ ይገባል። የሕመሙ ስም ብቻውን ለእስራት ምክንያት ሊሆን አይችልም።