በክረምት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የማን ነው?

ትምህርት ቤት ሰኔ ማብቂያ ላይ ከተዘጋ መስከረም እስኪጠባ ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ ደግሞ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ባልና ሚስት ተራ በተራ ፈቃድ ቢወጡ እንኳ ክረምቱን አይሸፍኑትም። ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ሠራተኛ እናት ግን ያላት ያው የአንድ ሰው ፈቃድ ነው፤ ለብቻው የሚያሳድግ አባትም እንዲሁ። ጭንቁ የሚበረታው ልጁ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። ለጨቅላ ሕፃን ሞግዚት ይፈለጋል፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ማቆያ አለ። አዋጁ ለሥራ መቀጠርን የሚፈቅደው ደግሞ ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። በመካከል ያለውን ልጅ ሁሉም «አድጓል» ብሎ ያልፈዋል።

አድጓል፤ ግን ብቻውን ለመዋል አልደረሰም። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ከጎኑ የማይለይ ጠባቂ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሰዓት የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ አዋቂና ችግር ሲገጥመው የሚያንኳኳው በር ነው። ይህን ከያዝን በየዓመቱ የምንሄድባቸው ሁለት መንገዶች ለምን እንደማያዋጡ ይገባናል። አንደኛው ስልክና ቴሌቪዥን ሰጥቶ ቤት ማስቀመጥ፣ ሲብስም በሩን ከውጭ ቆልፎ መሄድ ነው። ምድጃ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም ሲሊንደር እሳት ቢያስነሳ የተቆለፈበት ልጅ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከውጭ መቆለፍ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። ሁለተኛው የክረምት ትምህርት ማስመዝገብ ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በፊት ያልቃል፤ እናት ከቢሮ የምትወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ክፍያው ተከፍሎም ቀዳዳው ያው ከሰዓት በኋላ ላይ ይቀራል፤ ዝናቡ የሚወርድበት፣ ልጁ ጌም ቤትና ጆተኒ የሚፈልግበት ሰዓት።

«እኛስ በሰፈር አልነበር ያደግነው? ማን ጠበቀን?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የጠበቀን ነበረ። በየቤቱ የሚውል አዋቂ ነበር፤ የጎረቤት እናትም የሰውን ልጅ የመቆጣት ሥልጣን ነበራት። ዛሬ በዕጣ የተገናኙ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስም ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ቀን ቀን ብዙው ቤት ዝግ ነው። ያ ሰፈር በራሱ እስኪመለስ መጠበቅ አያዋጣም፤ ታስቦበት መሠራት አለበት። ልጆቻቸው አንድ ክፍል የሚማሩ ሦስት አራት ወላጆች እንደ ዕቁብ ቢጣመሩ የሚዞረው ብር ሳይሆን ቀን ይሆናል። ማታ የምትሠራ ነርስ ከእንቅልፏ በኋላ ያለውን ከሰዓት፣ ቅዳሜ የምትሠራ ባለሱቅ የዕረፍት ቀኗን ትሰጣለች። ቀን መስጠት የማትችል ምሳ ትችላለች ወይም አንዷን አያት ለመካስ ገንዘብ ታዋጣለች። እያንዳንዷ 16 ቀኗን በተለያየ ሳምንት ብትወስድ ደግሞ የአራት ሰው ፈቃድ አብዛኛውን ክረምት ይሸፍናል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልጅን በሰው ቤት ማዋል እንዴት ይታመናል? ሥጋቱ ተገቢ ነው። በልጆች ላይ ጥቃት የሚያደርሱት በአብዛኛው የማያውቋቸው ሳይሆኑ የሚያውቋቸው፣ ዘመድና ጎረቤት ጭምር ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ግን ልጁን ለአንድ «የሚታመን» ዘመድ ብቻ መተው አይደለም። ልጆቹ በአንድነት መዋላቸው፣ በዚያ ቤት በዚያ ሰዓት ማን ማን እንደሚገኝ አስቀድሞ መታወቁ፣ ቀን ሳይታሰብ ስልክ መደወሉ ይረዳል። ከሁሉ በላይ ልጅ «እዚያ ቤት አልሄድም» ሲል እንደ ቅብጠት ሳይቆጠር ለብቻው ተይዞ በእርጋታ መጠየቅ አለበት። ሴት ልጅን ታናናሾቿን እንድትጠብቅና እንድታበስል አድርጎ «ተሸፈነ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ የእናቲቱን ሸክም ወደ ልጅ ማዛወር ነው።

አባት በሕይወት እያለ ክረምቱ የእናት ብቻ የሚሆንበት ምክንያትም የለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን የልጆችን አኗኗር፣ ቀለብና ወላጅ ልጁን የሚጠይቅበትን ሁኔታ አብሮ ይወስናል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ በቀለቡ ላይ ያልቃል። አባትየው ለልጁ አስጊ እስካልሆነ ድረስ በክረምት የተወሰኑ ሳምንታት እንዲይዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ተገቢም ነው። አያት ያለበት ገጠርም መንገዱና ሰላሙ ከፈቀደ ለሁለት ሦስት ሳምንት ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በወላጅ ትከሻ ብቻ መቅረት የለበትም። አዲስ አበባ 4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የተለየ ክፍል አለው፤ ከዚያ ርቀው ባሉት ሰሚትና ጀሞ ላለ ልጅ ግን የየዕለት መዋያ ሊሆን አይችልም። በየሰፈሩ ያለው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ጥበቃው በክረምትም ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ሜዳው፣ ክፍሉ፣ መጸዳጃ ቤቱ አለ። የጎደለው ከሰዓት በኋላ ስም እየመዘገቡ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ሁለት አዋቂዎች ናቸው፤ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጡ ወጣቶች ኃላፊነት ባለው መምህር ሥር ሊያግዙ ይችላሉ። የወላጅ ኮሚቴዎች ጥያቄውን ማቅረብ ያለባቸው የመምህራን ዕረፍትና የግቢው ዕድሳት ፕሮግራም ሳይወጣ፣ ግንቦት ላይ ነው።